ነርሷ እንዳትሄድብን

ባለፈው ሰሞን አረካ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ሶዶ የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንድ አይሱዙ ጆንያ ማራገፍ ጀመረ። የአንዱ ጆንያ አፍ ተፈታና እርጥብ ዝንጅብል መሬት ላይ ተዘረገፈ፤ ባጃጆች እየጨፈለቁት አለፉ። የተጨፈለቀ ዝንጅብል በአፍንጫ ብቻ አያበቃም፣ ዓይን ውስጥም ይገባል። ረዳቱ ግቡ ብሎ ሲጠራን ዓይኔን እየጠራረግኩ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ለቅሶ የምሄድ መስሏት "አይዞህ ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናናህ" አለችኝ። አሜን አልኳት። ማስረዳቱ ከመንገዱ ይረዝም ነበር።

ስለ ዱሮ የሚጽፉ ሰዎችን አላምንም፤ ራሴንም ጨምሮ። ሻይ በስሙኒ ነበር ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ስሙኒዋ ከየት ትመጣ እንደነበር ግን አይነግሩንም። ሰው ሁሉ ይተዛዘን ነበር ይላሉ፤ ሲተዛዘን ምን ያህል እንደሚያናድድ ይረሱታል። ስለዚህ ይህን ዝንጅብል ተከትዬ በሐሳብ ወደ ገጠር ከተማዋ ወደ ቦምቤ ስመለስ አንባቢዬ በጥርጣሬ ቢከተለኝ አልቀየምም። እኔ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ሶዶ አራዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ መጽሐፍ በማንበቤ የምኮራ፣ ዕጣ ወጥቶ ቦምቤ ስለደረሰኝ ዓለም የበደለኝ የሚመስለኝ ሰው። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱ ተተኪ የለም እባላለሁ። ሰፊ ሱሪ ለብሰን ቀበቶ የምናጠብቅበት፣ ሴቶች ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዙትን ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት ደርበው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ዘመን ነበር። ሞባይል የሚባለው ነገር ወሬው እንጂ ራሱ አልደረሰም። ደብዳቤ የሚላከው አረካ በሚወርድ ሰው እጅ ነው፤ ሰውዬው ከደብዳቤው በፊት ወሬውን ያደርሰዋል።

ቦምቤ ያኔ ማለት ዝንጅብል ነበር። በመከር ጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሸራ ተነጥፎ ዝንጅብል ይሰጣል፤ የከተማዋ ሰዎች ልብስ፣ ብር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር ያንኑ ይሸታል። ዋጋው ጥሩ የሆነ ዓመት ቆርቆሮ ቤት ይበዛል፣ ሠርግ ይበዛል፣ ቴፕ ይበዛል። ቴፕ የገዛ ሰው ለብቻው አይሰማም። በር ላይ አውጥቶ የወላይትኛ መዝሙር ለመንደሩ ሁሉ ያሰማል፤ ከላይኛው ቤት ሌላ መዝሙር ይመልሱለታል፤ እኔ በመሃል ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ዛሬ ሶዶ ላይ ካለው የድምፅ ማጉያ ጋር ሳስተያየው ያ ጸጥታ ነበር ማለት ይቻላል።

ያልነበረው ነርስ ነው። ጤና ጣቢያው ግድግዳው ተቀብቷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ ነርስ የለውም። ወረዳው ከዚያ በፊት ሁለት ጎበዝ ልጆች አስተምሮ ነበር፤ አንዷ አርባ ምንጭ፣ ሌላዋ ሐዋሳ አገባች፣ እዚያው ቀረች። በእኛ አገር የራስን ጎሳ ማግባት ነውር ስለሆነ ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምትዳረው ራቅ ብሎ ነው፤ ከተዳረች ደግሞ ባሏ ወዳለበት ትሄዳለች። የቀረችው አንዲት ነርስ ስልጠና ትጠራለች። ያ ዘመን ስልጠና ይወድ ነበር፤ ሥራው ቢቆምም ስልጠናው አይቆምም።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አቶ ባልጣ የሚባሉ ዝንጅብል ገበሬ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ታደለች ከባሏ ቤት ልትወልድ መጥታ ነበር፤ ምጥ የያዛት ያቺ ነርስ ስልጠና በሄደችበት ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ደም ሲበዛ ቃሬዛ አዘጋጅተን በተራ እየተሸከምን የአረካን መንገድ ጀመርን። መኪና ይመጣል ብለን በየኩርባው ዞር እያልን እናያለን። የታደለች ታናሽ እህት ዘነበች፣ የእኔ ተማሪ፣ የእህቷን የኮንጎ ጫማ በእጇ ይዛ ከኋላችን ትከተል ነበር። ጫማውን ለምን እንደያዘችው ማንም አልጠየቃትም፤ እህቷ ስትድን ተጫምታው ትመለሳለች ብላ ይመስለኛል። መንገዱ ሳይጋመስ ከፊት የነበረው ተሸካሚ ቁሙ አለ። አወረድናት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም።

መንግሥት በየወረዳው ኮታ ነርስ አስተምራለሁ ያለው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡ በመንግሥት፤ ወረዳው የራሱን ልጆች መርጦ ይልካል፣ ተምረው ለወረዳቸው ያገለግላሉ። ያንን መንግሥት ዛሬ ካፌ ተቀምጠው ሲያሙት ከሚያዳምቁት አንዱ ነኝ፤ ያኔም አላደንቀውም ነበር። ግን የገበሬ ልጅ ከአባቷ ኪስ ምንም ሳይወጣ ነርስ ትሁን ማለቱ ትክክል ነበር። ማማት ስለለመድኩ ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ችግሩ ወረዳው ላይ ነው። አስተምሮ የተወሰደበት ወረዳ እንደገና እንዳይወሰድበት ዘዴ ፈለገ፤ ዘዴውም አዲስ አበባ ያለ ማንም አዋቂ ሊያስበው የማይችል ነበር። መራጩ ኮሚቴ ከውጤት ቀጥሎ ሴቶቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ለማን ታጭተሻል? ለወረዳው ልጅ የታጨች ታልፋለች። ያልታጨች የማትታመን ናት፤ ባሏ የት እንዳለ አይታወቅምና።

ዘነበች ውጤቷ ከሁሉም የበለጠ ነበር። እህቷ ከተቀበረች ጀምሮ ከነርስነት ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም፤ ባዮሎጂ መምህሩን በጥያቄ መድረሻ አሳጥታው ነበር። ግን ለማንም አልታጨችም። ኮሚቴው ፊት ቀርባ አልታጨሁም ስትል ጎን ሁኚ ተባለች። እኔ ተቆጥቼ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። ሰብሳቢው የወረዳው ጤና ኃላፊ ነበር፤ በሳምንት ስድስት ቀን አቶ ሳሙኤል፣ በሰባተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ሳሙኤል። ከስድስቱ ቀን በአንዱ ስለ ሕግ ልነግረው ሞከርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ።

"መምህር፣ ጎበዝ ጎበዞቹን ልከን አይተናል" አለኝ። "ጎበዞቹ አሁን የት ናቸው? የአርባ ምንጭንና የሐዋሳን ሰው መርፌ ይወጋሉ።"

"ታዲያ ባል ማሰሪያ ነው?" አልኩት።

"ከእሱ የጠበቀ ካወቅህ አምጣ። ታደለችን አንተም ተሸክመሃል፣ እኔም ተሸክሜያለሁ።"

ሰውዬው ጨካኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዳግመኛ ቃሬዛ መሸከም ያልፈለገ ሰው ነው፤ ያወቀው ገመድ ደግሞ ያ ብቻ ነበር።

ከአቶ ባልጣ አጥር ባሻገር ከሌላ ጎሳ የሆነ ቤተሰብ ነበር፤ ልጃቸው ማርቆስ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ትንሽ፣ ዝንጅብል ከገበሬ ሰብስቦ ለነጋዴ የሚያስረክብ። ሁለቱ አባቶች በአጥር ላይ ተነጋገሩ። ነገሩ ለወረዳው ነው ተባባሉ፤ ልጅቷ ትምህርቱን ትግባ እንጂ የሠርጉን በኋላ እናያለን። ማርቆስ እሺ አለ። ዘነበችም ነርስ የምሆን ከሆነ እሺ አለች፤ ይህን ስትል በረንዳዬ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም አላየሁም። አቶ ባልጣ ጉዳዩን ሊያሳውቁ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ሳሙኤል የሽማግሌ ፊርማ አልጠየቃቸውም። እሑድ በጉባኤ ሲነገር ልስማው ብቻ አላቸው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ለቢሮ የተነገረ ነገር ቢሮ ይቀራል። እኛ ዘንድ ግን የቢሮው ሰውና የእሑዱ ሰው አንድ ሰው ነው፤ ለአንዱ ተብሎ የተጀመረው በሌላው በኩል እውነት ሆኖ ይወጣል። እሑድ ከመዝሙር በኋላ ማስታወቂያ አንባቢው ማርቆስና ዘነበች መተጫጨታቸውን ተናገረ፤ ተቃውሞ ያለው ይነሣ አለ፤ ማንም አልተነሣም። ጉባኤው እልል አለ። ሳሙኤል ከፊት ወንበር ሆኖ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበው ለሁለቱም ሹመቱ ነበር። መጋቢው እጁን ጭኖ ሲጸልይ የሁለቱን አባቶች ፊት አየሁ። በአጥር ላይ የተነጋገሩት ነገር ከእጃቸው እንደወጣ ያኔ ገባቸው። በኋላ እናያለን የሚባለው ነገር ከአሜን በኋላ የለም።

ዘነበች ሶዶ የነርሶች ትምህርት ቤት ገባች። የትምህርት ቤቱን ነጭ ገዋን ልናሰፋ አራዳ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አቶ ወልዴ የሚባሉ የጉራጌ ሰው ዕድሜያቸውን ሁሉ በአንድ የስፌት መኪና የጨረሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያኔ ያ መንገድ ላይ ከሱቆቹ ሁሉ ካሴት ይዘፈናል፤ አንዱ ሱቅ ፍቅር፣ አንዱ መንፈሳዊ፣ አንዱ የክትፎ ቤት ማስታወቂያ። አቶ ወልዴ ነጩን ቴትሮን ትከሻዋ ላይ ለክተው ሰፋ አድርጌ ልስፋው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለምን ስላቸው ነርስ ሁሉ ሲመረቅ ይወፍራል፣ በኋላ እኔን ይረግሙኛል አሉ። ዘነበች እህቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ዛሬ ሱቁ ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል። ዳሞታ ተራራ ብቻ ባለበት አለ፤ እሱም ከፊቱ በተሠሩት ፎቆች እያጮለቀ ነው የሚታየው።

ማርቆስ በየተወሰነ ጊዜ የስኳር ድንችና ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ያለበት ጆንያ ይዞ ይመጣ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ካለው የድንጋይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል፤ ሲገናኙም ብዙ አያወሩም። አንድ ቅዳሜ ሶዶ ወላጆቼን ልጠይቅ መጥቼ በዚያ ሳልፍ፣ የደም ግፊት መለኪያ ከትምህርት ቤት ተውሳ ክንዱ ላይ ጠቅልላ ስትነፋው አገኘኋቸው። ቁጥሩን ነገረችው። ማርቆስ አሰበና "ጥሩ ዋጋ ነው?" አላት። በጣም ጥሩ ዋጋ ነው አለችው። እንደ ትዕዛዝ የተጀመረ ነገር አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ ይዋደዱ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም፣ አይዋደዱም ነበር የሚለኝን ግን አልሰማም።

ተመርቃ ተመለሰች። የኮሚቴው ዘዴ ሠራ ተባለ፤ ሳሙኤል በየስብሰባው የቦምቤን ተሞክሮ ያቀርብ ጀመር። የሚቀርበው ተሞክሮ እሷ ነበረች። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ከየቀበሌው የሚመጡ እርጉዞች ተሰልፈው ማየት ለዓይን አዲስ ነገር ነበር። ቃሬዛ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ወደ ሌላ አገር መንገድ መውጣቱን ትቶ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ነርስ ምን እንደሆነች አያውቅም። ሠርጉ ከዝንጅብል መከር በኋላ ተብሎ ተቀጠረ።

በዚያ መከር ዝንጅብሉ ታመመ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ውኃ በዝቶበት ነው አሉ። ከዚያ ሲነቀል ሥሩ እንደ ተቀቀለ ድንች እጅ ላይ ይፈርስ ጀመር። ባለሙያዎች መጥተው ናሙና ወሰዱ፣ በጸሎት ቤት ጾም ታወጀ፣ በሽታው ግን ከማሳ ማሳ ተሻገረ። ሠርጉ ለሚቀጥለው መከር ተላለፈ። የሚቀጥለው መከር የለም። ቴፖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ሸጧቸው። ወጣቶቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን መንገድ መጠየቅ ጀመሩ፤ እሑድ ከጉባኤው የወንዶች ጎን ባዶ ወንበር መታየት ጀመረ።

ኮሚቴው ሴቷን ከቦምቤ ጋር ያሰረበት ገመድ ሌላው ጫፍ የታሰረው በማርቆስ ላይ ነበር፤ ማርቆስ ደግሞ የታሰረው በዝንጅብል ላይ። ሴት ልጅ ባሏ ካለበት አትርቅም ያሉት ሰዎች ወንዱ ይቆያል ወይ ብሎ መጠየቅ በሐሳባቸው አልመጣም። ወንድ መሬቱ ላይ የተተከለ ነገር ይመስላቸዋል። ማርቆስ በሬውን ሸጠ፣ ደላላ አገኘ፣ ከዚያ ዘነበችን ጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ጠርቶ ነገራት። በኋላ እንዳጫወተችኝ ጠብቂኝ አላላትም፤ አትጠብቂኝም አላላትም። መሬቱን እያየ ቆሞ፣ ሽማግሌዎቹ ቃሉ ቃል ነው ብለውኛል አላት። እሷም ብቻዋን ሄዳ ጠየቀቻቸው። በጉባኤ የተነገረ ቃል እንዲሁ አይፈታም፣ ልጁ ይመለሳል፣ በትዕግሥት ቆዪ አሏት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳሙኤል ነበር። እሱ ቆዪ ሲል ሌላም ነገር ማለቱ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ቃሉ ከተፈታ ነርሷም ተፈታች።

እሑድ ማስታወቂያ ተነብቦ አንባቢው ወረቀቱን ሲያጥፍ ዘነበች ከሴቶች ጎን ተነሣች። ሴት በዚያ ሰዓት ተነሥታ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፤ በወላይትኛ ነው የተናገረችው፣ እንዲህ ብላ፦

"ይህ ቃል ሲነገር እዚሁ ተቀምጣችሁ ሰምታችኋል። የተነገረው ተምሬ እንድመለስ ነው። ተመልሻለሁ። ማርቆስም እስከ ዛሬ ጠብቆኛል፣ አላጎደለብኝም። አሁን ሊሄድ ነው፤ ይህን ተሸክሞ ድንበር እንዲሻገር አልፈልግም። ያንን በሰማችሁበት ጆሮ ይህንንም ስሙልኝ። ፈትቼዋለሁ።"

ማርቆስ ከኋላ ወንበር ተነሣ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ "እኔም" አለ፣ ተቀመጠ። የእናቱ ለቅሶ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ መጋቢው ግራ ቢገባው እንጸልይ አለ። ጸሎት የማላበዛ ሰው ነኝ፣ ያን ዕለት ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰው ፊት ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ማርቆስ በዚያው ሳምንት ሄደ። ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፣ እዚያው አግብቷል ይባላል። ዘነበች ዲግሪዋን ደግሞ በመንግሥት ወጪ ሶዶ ተምራ ተመልሳለች፤ አግብታለች፣ ወልዳለች። ባሏ አስተማሪ ነው፤ እኔ ግን አይደለሁም፣ ይህን የምጽፈው ታሪኩን የሰማ ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነው። እኔ ዝውውሬ በመጨረሻ ተፈቀደልኝ፣ የተፈቀደልኝም መፈለጌን ከተውኩ በኋላ ነው። አቶ ሳሙኤል በሕይወት የለም። ስለ እሱ በቀብሩ ላይ ብዙ ተነገረ፤ ከተነገረው ውስጥ ግን ያቺ ሰኞ አልነበረችም።

ዘነበች ቃሉን በፈታችበት እሑድ ማግሥት፣ ሰኞ፣ ሆዴን አሞኝ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራ ይዤ ነበር። የዘነበች ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ አንዲት እርጉዝ አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዷን ትዳስሳለች። ሳሙኤል መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። አልገባም፤ በሩን ይዞ ቆመ። ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ልመና ነው።

"ሲስተር፣ እንግዲህ ምን ይይዝሻል?" አላት። "ሁሉም ሄዶብናል። አንቺም የምትሄጂ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።"

ዘነበች እጇን ከሴትየዋ ሆድ ላይ ሳታነሣ ቀና ብላ አየችው።

"ጋሽ ሳሙኤል፣ ያኔ ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ለማን እንደታጨሁ ጠየቃችሁኝ" አለችው። "የት መሥራት እንደምፈልግ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ብትጠይቁኝ ኖሮ ቦምቤ እል ነበር።"

ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረችና በጎንሽ ተኚ አለቻት።

ሳሙኤል በሩን ለቀቀ። ወደ ቢሮው ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ታማሚዎች ወደ ተቀመጥንበት አግዳሚ መጣ፣ ጠጋ በሉልኝ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ጠጋ አልንለት። አጠገቤ ተቀመጠ። አልታመመም፣ ተራም አልያዘም።